አምስት ሳህን የጨረሰ ውሻ

ቁራሌው ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ የበራችን ደፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ዘበኛችን ከውሻ ቤቱ ጀርባ ያጠራቀሙትን አንድ በአንድ እያወጡ ፊቱ ደረደሩለት፦ ለሁለት የተቆረጠ፣ ዳሩ በጥርስ የተዘለዘለ ቢጫ ጀሪካን፤ የአይስክሬም ባልዲ፤ ታቹ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የአሉሚኒየም ሳህን፤ አበባ የተሳለበት፣ ነጭ ሽፋኑ ተላጦ ከሥሩ የዛገ የብረት ሳህን፤ በመጨረሻም ገል ሆኖ የቀረ ሸክላ።

ልጁ አልቸኮለም። አሉሚኒየሙን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠው፤ ከዚያ ወደ ጆንያው ከተተው። ጀሪካኑን ገልብጦ አየና እሱንም ከተተ። የዛገውን ሳህን በእጁ መዝኖ «ብረት ነው፣ በኪሎ ይሄዳል» አለ። የአይስክሬም ባልዲውን በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰበረ፤ ወዲያ ወረወረው። ሸክላውን ዞር ብሎም አላየው።

«ፋዘር፣ ይሄ ሁሉ የስንት ዓመት ነው?»

«ምን የስንት ዓመት ነው፣ የዘንድሮ ነው እንጂ!» አሉ ዘበኛችን። «አንድ ውሻ ነው የጨረሰው።»

ልጁ ሄዶ በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ስድስተኛውን ግዛ። ወይ ሳህኑን ወይ ውሻውን መቀየር ነው።» እሳቸው ቀልዳቸውን ነው። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። እናቴ ትዳር ስትይዝ የገዛችው ድስት ዛሬም ወጥ ይሠራበታል፤ ደጃችን ያለው ውሻ ደግሞ በዓመት አምስት ሳህን ይፈጃል። ዕቃው ረክሶ ነው? ውሻው ከፍቶ ነው? ትንሽ ሳስብበት ግን እውነቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ለውሻችን ሳህን መርጠንለት አናውቅም። ከቤት ውስጥ የተጣለውን ነው ወደ ደጅ የምናወጣለት። ሳህኑ ቡቺ ጋ የሚደርሰው ለጡረታ ነው።

ስሙን ቡቺ ያለው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስም ያልወጣለት ውሻ ሁሉ ቡቺ ነው። ሲመጣ አባቱ ጀርመን ሸፐርድ ነው ተብሎ ነበር፤ የእናቱን ነገር የጠየቀ የለም። ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ምግቡ የአብዛኛው የከተማችን ውሻ ምግብ ነው፦ ያደረ እንጀራ በመረቅ ርሶ፣ የተረፈ ዳቦ፣ አጥንት። (ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ስለዚህ የወጥ ትርፍራፊ ለውሻ አይበጅም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አሁን መረቁ ያለ ሽንኩርት ለብቻው ይቀቀልለታል።) የሚበላው ሜዳ ላይ ነው፤ ፀሐዩም ዝናቡም አፈሩም ሳህኑ ላይ ነው።

ሳህኑን የበላው ማን ነው?

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ጥርሱን ነበር። ጀሪካኑን በርግጥም ጥርስ ነው የፈጀው። አሉሚኒየሙን ግን ቁራሌው ከመውሰዱ በፊት ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ ሳየው አንድም የጥርስ ምልክት አጣሁበት። ያለበት መርፌ የወጋው የሚመስል ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፤ የየቀዳዳው ዙሪያ ነጣ ያለ አመድማ ነው። ይህን የሠራው ውሻው አይደለም፣ እንጀራው ነው።

አሉሚኒየም ራሱን በራሱ የሚያለብስ ብረት ነው። አየር እንደነካው ላዩ ላይ የኦክሳይድ ሽፋን ያወጣል፤ ሽፋኑ እጅግ ስስ ነው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ አይበልጥም። ዕድሜውን የሚያቆየው ያቺ ስስ ልብስ ናት። ልብሷ የምትጸናው ግን የሚነካት ነገር እጅግም ሳይኮመጥጥ፣ እጅግም አልካሊ ሳይሆን ነው፤ በፒኤች መለኪያ ከ4 እስከ 8.5 ገደማ። እንጀራ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ላክቲክ አሲድ ይፈጠርበታል፤ ፒኤቹ ወደ 4 ወርዶ አንዳንዴም ከዚያ በታች ያልፋል። በዚያ ላይ የመረቁ ጨው አለ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የሽፋኑን ደካማ ቦታ ፈልጎ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። ማታ ቡቺ ያልጨረሰው ርጥብ ፍትፍት ሳህኑ ላይ ያድራል። እኛ ተኝተን እሱ ሥራ ላይ ነው።

ጠዋት ደግሞ ዘበኛችን ሳህኑን በአመድ ፈትገው ያጥቡታል። እንደ አደጉበት ነው የሚያደርጉት፤ አመድ ቅባት ያነሣል፣ ያነጻል። ነገር ግን አመድ ውኃ ሲነካው ጠንካራ አልካሊ ነው፤ ማታ ኮምጣጣው የጀመረውን ጠዋት ከወዲያኛው ጫፍ መጥቶ ይጨርሰዋል። የእናቴ ድስት ለምን እንደቆየ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድስቱ ወፍራም ነው፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ ወጡ ሲበርድ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፣ ምግብ አያድርበትም።

ከቁርጥራጭ ቀልጦ የሚሠራው አሉሚኒየም ሌላም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ካሜሩን ውስጥ ከወዳደቀ ብረት የተሠሩ ድስቶችን የመረመሩ ሰዎች፣ ኮምጣጣ ነገር ሲፈላባቸው እርሳስ እንደሚለቁ አሳይተዋል። ከአሮጌ የሞተር አካል ጀምሮ እስከ ለስላሳ ጣሳ ድረስ እቶኑ ውስጥ ምን እንደገባ ማንም አይመዘግብምና። ቡቺ በቀን ሁለት ጊዜ ሳህኑን ልሶ ነው የሚጨርሰው። ከሳህኑ የሚወጣው ነገር ሁሉ ሆዱ ነው የሚገባው።

የቀሩትን ሟቾች ታሪክ በአጭሩ ልጨርስ። ጀሪካኑ የተሠራበት ፖሊኤቲሊን ለኮምጣጤ ግድ የለውም፤ አሲድን ከአሉሚኒየም ይልቅ እሱ ይችለዋል። የሚያሸንፉት ጥርስና ፀሐይ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል እየበረታ ስለሚሄድ፣ ቆላ ላይ ሦስት ዓመት የሚቆይ ባልዲ እዚህ ቀድሞ ይደርቃል። ስሱ የአይስክሬም ባልዲ ደግሞ መጀመሪያውኑ ለጥላና ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው። ያ አበባ ያለበት ሳህን በብረት ላይ የተጋገረ ብርጭቆ ማለት ነው፤ ብርጭቆው እስካልተነካ ድረስ እንከን የለውም፣ አንዴ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ግን በተላጠው በኩል ዝገት ገብቶ ከሥር እየፈነቀለው ይሄዳል። የተፈነቀለው ስባሪም ምግብ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ሸክላው ያሳዝነኛል። የእኛ ሸክላ ብርጭቆ አይለብስም፤ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው፣ ውኃም ቅባትም ይጠጣል። ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው እነዚያን ቀዳዳዎች በዘይት ለመድፈን ነው። የውሻ ሳህን ግን ማን ያሟሻል? ያልተሟሸው ሸክላ መረቁን ጠጥቶ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ለውኃ ብቻ ከሆነ ግን፣ በተለይ በቆላ፣ እመርጠዋለሁ፤ ላብ እያላበው ውኃውን የሚያቀዘቅዝ ሌላ ምን ዕቃ አለ? አያቴ ግቢ የነበረው የውሾቹ የውኃ ገንዳ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያረጀ የእጅ ወፍጮ ነበር፤ እህል ሲፈጭበት ኖሮ መሃሉ የጎደጎደ ጥቁር ድንጋይ። ስንት ትውልድ ውሻ እንደጠጣበት የሚያውቅ የለም። አያቴም እንደኛው የተጣለውን ነበር ያወጣችው። ልዩነቱ እሷ ዘንድ የሚጣለው ነገር ድንጋይ መሆኑ ነው።

ማግኔት የማይነግረን

መርካቶ ምን አለሽ ተራ የገባሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እዚያ ሰው የሚግባባው በጩኸት ነው፣ መዶሻ ከአንደበት ቀድሞ ይናገራል። በርሜል እየተቀደደ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፣ የመኪና አካል ማረሻ ይሆናል። አንዱን ባለሙያ የምፈልገውን ብነግረው ሳቀ።

«ለውሻ? ለውሻማ ምን ችግር አለ ወንድሜ! ከበርሜል ቆርጬ አሁኑኑ ልሥራልህ።»

በርሜሉ ውስጥ ምን ነበረ ብዬ ጠየቅሁት። እሱም አያውቅም፤ ዘይት ይሆናል፣ ኬሚካልም ይሆናል። አጠገቡ ያለውን የሚያብረቀርቅ ላሜራ አሳየኝ። ያ ደግሞ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚሆነው ዓይነት። ዚንክ ለዝናብ ጥሩ ዘብ ነው። ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ግን ይሟሟል፤ ብዙ ዚንክ የገባበት ውሻ ደግሞ ደሙ ይፈርሳል። ለጣሪያ የሚሆን ሁሉ ለሳህን አይሆንም።

«እንግዲያው ስቴንለስ ውሰድ» አለኝ፤ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተፈታ ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስጠጋው፤ ተጣበቀ። «ይሄ ፎርጅድ ነው።» ሌላው ላይ አስጠጋው፤ አልያዘም። «ይሄ ኦሪጅናል። ማግኔት ካልያዘው አይዝግም።»

ይህን ፈተና መርካቶ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከእውነቱ ገሚሱን ይነግራል። አይዝጌ ብረት ዝገትን የሚችለው ክሮሚየም ስላለበት ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ከገባበት ብረቱ እንደ አሉሚኒየም ራሱን በስስ ኦክሳይድ ያለብሳል፤ ይህ ልብስ ግን ለእንጀራ ኮምጣጣነት አይበገርም፣ ቢጫርም አየር እንዳገኘ ራሱን ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ ለዚህ ብረት የደረሰው ሳህን ሊሠራ ብሎ አልነበረም። የጠመንጃ አፈሙዝ ከውስጥ ቶሎ እንዳይበላ መላ ሲፈልግ ነው። ከተማው የቢላዋ ከተማ ስለነበር ግን ብረቱ ወደ ማዕድ ቤት ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም።

ችግሩ ስቴንለስ አንድ ነገር አለመሆኑ ላይ ነው። ማግኔት የሚይዘው 430 የሚባለው ክሮሚየም እንጂ ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም የባለሙያው «ፎርጅድ» አይደለም፣ ደህና አይዝጌ ብረት ነው። ማግኔት የማይዘው ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ 304 ነው፤ ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 8 በመቶ ኒኬል ያለው፣ ብዙ ጊዜ ታቹ ላይ 18/8 ተብሎ የሚታተምበት። ሌላው 201 ነው፤ ኒኬል ውድ ስለሆነ አብዛኛው ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተተካበት። በዓይን አይለዩም። ማግኔቱም አይለያቸውም። በጨውና በበረኪና ፊት ግን እኩል አይቆሙም።

ሁለት ሳህን ገዛሁ፤ አንዱ ምንም ያልታተመበት ርካሽ፣ አንዱ ከሆቴል ዕቃ መደብር 18/8 የሚል። ቤት ስገባ በሁለቱም ጨውና ሎሚ የገባበት ውኃ ጥቂት ጥቂት አደረግሁና ሦስት ቀን ተውኳቸው። እናቴ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠይቃኝ መልሴን ሳትሰማ ሄደች። በአራተኛው ቀን ሳጥባቸው ርካሹ ታቹ ላይ ሻይ የተንጠባጠበበት የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሌላው እንዳለ ነው። ይህ የላቦራቶሪ ፍርድ አይደለም፤ ለቡቺ ግን በቂ ነው።

ተሸክሞ የሚዞር

ስቴንለስ አንድ ጉድለት አለው፣ ይቀላል። በመጀመሪያው ማታ ቡቺ ባዶውን ሳህን በአፉ ነክሶ ግቢውን አዞረው፤ ጠዋት ከውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ አገኘነው። በሁለተኛው ማታ ደግሞ እየላሰ ሲገፋው ሲሚንቶው ላይ የሚያወጣው ድምፅ ጎረቤት ቀሰቀሰ። ብረት መንከስ የለመደ ውሻ ጥርሱን ይጎዳል፤ የብረት አጥር ሲያኝኩ የሚውሉ ውሾች የክራንቻቸው ጀርባ ተሞርዶ ይታያል። ስለዚህ ሳህኑን ጨብጦ የሚይዝ፣ ለጥርስም የሚነከስ ጠርዝ የማይሰጥ ማስቀመጫ ያስፈልግ ነበር።

አናጢው ያለማመንታት ቺፑድ አለኝ፤ ቤቱ ውስጥ የተረፈ ቁራጭ ነበረው። የተረፈ ነገር ለውሻ! ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጋግሮ ነው፤ የተሸፈነው ላዩ እንጂ የተቆረጠው ጎኑ አይደለም፣ ውሻ ደግሞ ሲጠጣ ግማሹን ውኃ ወደ ጎን ነው የሚረጨው። በአንድ ክረምት እንደ አምባሻ ይነፋል። ባሕር ዛፍ ይቀርባል፣ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥም መረቅ ይገባል። ዋንዛ ለመጥረብ የሚገራ፣ ሙቀጫና ገንዳ ሲሠራበት የኖረ እንጨት ነው። ጽድ በራሱ ዘይት ብስባሴንም ምስጥንም ይከላከላል፤ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት በሱና በወይራ የቆሙት በከንቱ አይደለም። እንጨት ቢሆን ኖሮ ምርጫዬ ጽድ ነበር። ግን ጽድን ለውሻ ሳህን ማስቆረጥ አልሆነልኝም፤ በቀረችን ደን ላይ ነውር መሰለኝ።

በያጁ ከቱቦላሬ አራት እግር ያለው፣ ሳህን የሚገባበት ቀለበት የተበየደበት ወንበር መሰል ነገር ሊሠራልኝ ተስማማ። ንድፉ ጥሩ ነው፤ ፈረንጅ አገር የሚሸጡት አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው። ቱቦላሬ የሚዝገው ግን ከውስጥ ነው፤ እግሩ ታች ካልተደፈነ ውኃ ይገባል፣ አንቲ ረስት የተቀባው ውጪው እያማረ ውስጡ ያልቃል። ቀለሙም ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው። እርሳስ ያለበትን ቀለም የሚገድበው የአገራችን ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ጓዳ ውስጥ የከረመ የድሮ ጣሳ ቀለም ውሻ የሚልሰው ነገር ላይ አይቀባም።

ከቁሱ ሌላ የቁመትም ነገር አለ። ከፍ ያለ ማስቀመጫ ለውሻ አንገት ይበጃል ሲባል የሰማ ሰው ብዙ ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። 1,637 ትልልቅና ግዙፍ ዝርያ ውሾችን ተከታትለው ሆዳቸው በድንገት ተነፍቶ የሚጠማዘዝበት ገዳይ ሕመም ከፍ ካለ ሳህን በሚበሉት ላይ በርክቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። ሆኖም ሕመሙ የሚያዘወትረው ደረተ ጥልቅ ውሾችን ነው፣ ጀርመን ሸፐርድም ከነሱ አንዱ ነው፤ የቡቺ አባት እውነት እንደተባለው ከሆነ ማለቴ ነው። መገጣጠሚያው ለታመመ ሽማግሌ ውሻ ወይም ጉሮሮው ምግብ ለማያወርድለት ከፍታ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ እሱን የእንስሳት ሐኪም ያዝዛል። ለጤነኛ ውሻ መሬቱ ይበቃዋል። ረጅም እግር ያለውን ወንበር የተውኩት በዚህ ነው።

የቀረኝ ግንበኛው ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ቤት እየሠራ ያለ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። «ከሲሚንቶ ገንዳ አፍስስና ላዩን ሊሾ አድርገው፤ አንተንም ውሻውንም ይቀብራል» አለኝ። ልቤ ቀለጠ፤ የአያቴን ወፍጮ አስታወሰኝ። ግን እንጀራው መጣብኝ። ሲሚንቶ ሲጠነክር በውስጡ ኖራ ይቀራል፤ ላክቲክ አሲድ ኖራን ይበላል። ከብት የሚያረቡ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ የቦካ መኖ የሚቀርብበት የሲሚንቶ ገንዳ ላዩ ተልጦ ጠጠሩ ገጥጦ ይወጣል። እብነ በረድም ያው ነው፣ ኮምጣጣ አይችልም። የጎደጎደ ጥቁር ድንጋይ ይችላል፤ ግን ማን ይጠርበዋል? ቢጠረብስ እንዴት አንሥቼ አጥበዋለሁ?

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት ነገር የገባኝ። ስፈልግ የኖርሁት ሁሉን የሚችል አንድ ቁስ ነበር፤ ኮምጣጣ የማይበላው፣ ጥርስ የማይነክሰው፣ ውሻ የማይገፋው፣ በሳሙና የሚታጠብ። እንዲህ ያለ የለም። ሥራውን ለሁለት ማካፈል ነው ያለብኝ፦ ምግቡን የሚነካው ስቴንለስ፣ ውሻውን የሚመክተው ሲሚንቶ።

ግንበኛው ሐሳቡን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰደበኝ አልልም። ቅርጽ ማውጫ የሆነን አፉ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ አሮጌ የላስቲክ ሳፋ ነው። ግንበኞች ቅርጹ እንዳይጣበቅ የሚቀቡት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ውሻ የሚልሰው ነገር ስለሆነ እኛ የምግብ ዘይት ቀባን። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር፤ ውኃው አነስ ብሎ፣ ምክንያቱም ውኃ የበዛበት ሲሚንቶ ሲደርቅ ቀዳዳ የሚያበዛ ነው። መሃሉ ላይ ርካሹን ሳህን በላስቲክ ጠቅልለን ሰክተን ቦታ አስያዝነው፤ እሱም እንዲህ ለሥራ በቃ። ከሥሩ አጭር የፒቪሲ ቱቦ ቀብረን የውኃ መውጫ አበጀንለት፤ ያለዚያ በሳህኑና በሲሚንቶው መካከል የሚቀረው እርጥበት ለትልና ለትንኝ ቤት ይሆናል። ጠርዙን በማንኪያ ጀርባ እያድበለበለ አለሰለሰው፤ ጥርስ የሚይዘው ማዕዘን አልተወለትም። ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ውኃ እያጠጣን አቆየነው። በነዚያ ቀናት ቡቺ ወደዚያ አልቀረበም፤ ትኩስ ሲሚንቶ አልካሊነቱ የውሻ መዳፍ ይልጣል። ሙሉ ጥንካሬው የሚቆጠረው በ28 ቀን ስለሆነ እስከዚያው ታገሥን። ሳፋውን ገልብጠን ስናወጣው 40 ኪሎ ገደማ የሚሆን ክብ ነገር ሆኗል። ከቡቺ ይከብዳል።

18/8ቱ ሳህን መሃሉ ላይ ገብቶ በከንፈሩ ተንጠለጠለ። ለማንሣት ጣት የሚገባባት ጎድጎድ ያለች ቦታ በአንድ በኩል አለች፤ ለውሻ ጥርስ ጠባብ፣ ለሰው ጣት በቂ።

ዘበኛችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ማጠቢያው ምን ይሁን? ጥያቄው ከቁሱ ምርጫ ያልተናነሰ ነው። በእንግሊዝ ሃርትፑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የላስቲክ፣ የሸክላና የስቴንለስ የውሻ ውኃ መጠጫዎችን ለሁለት ሳምንት ያወዳደሩ ተመራማሪዎች ብዙ ባክቴሪያ ያገኙት ላስቲኩ ላይ ነበር፤ ይበልጥ ጎጂ የሆኑት ዓይነቶች ግን ሸክላው ላይ አዘውትረው ተገኝተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት 417 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ፣ ሳህኑን በየቀኑ የሚያጥቡት 12 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አገኘ። የውሻ ምግብ በፓኬት በሚሸጥበት አገር ነው ይህ። ስለዚህ የእኛው በአመድ የሚፈትጉ ዘበኛ ከብዙዎቹ ይሻላሉ።

አመዱን ግን ማስተው ነበረብኝ፤ ስቴንለሱን ባያሟሟውም ይጭረዋል፣ ጭረት ደግሞ የባክቴሪያ መንደር ነው። በረኪናውንም ቢሆን በልኩ፦ ክሎሪኑ ስቴንለስን ይበሳል፤ በርከት ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ ሳያሳድሩ አለቅልቆ መድፋት ነው። የዕለቱ ሥራ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ማታ ምግብ እንዳያድርበት፤ ያደረ ምግብ አይጥ ይጠራል፣ የአይጥ ሽንት ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ ለውሻም ለሰውም ያስተላልፋል። ዘበኛችን ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ለእኔ ሳህን እንዲህ ታስባለህ?» አሉኝ። የሚመለስ ነገር አጣሁ።

አንድ ክረምት አለፈበት። ሲሚንቶው ጎኑ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሽበት አወጣ። አንድ ቦታ ላይ መረቅ እየፈሰሰበት ላዩ ሻክሯል፤ ላክቲክ አሲዱ ቀስ እያለ እየሠራ ነው፣ በዚህ ፍጥነት ግን ቡቺንም እኔንም ሳይጨርስ ይቆያል። ሳህኑ እንዳለ ነው።

ባለፈው እሑድ ያ ቁራሌ ደጋግሞ ጮኸና በሩን ከፈትንለት። የሚሸጥ ነገር አልነበረንም፤ እሱ ግን ዓይኑ ጥግ ላይ ያለው ክብ ነገር ጋ ሄደ። ጠጋ ብሎ ቁጢጥ አለ፣ ሲሚንቶውን በጥፍሩ መታ፤ ድምፅ አልሰጠውም። ከዚያ ሳህኑን መታው፤ ቃጭል መሰለ።

«ፋዘር፣ ይሄኛውስ መቼ ነው የሚሸጠው?»

ዘበኛችን መልስ ለመስጠት አፋቸውን ሲከፍቱ ቡቺ ከውሻ ቤቱ ጀርባ ወጣ። ልጁ እጁ ገና ከሳህኑ ከንፈር ላይ አልተነሣም ነበር።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማህም?» አሉት ዘበኛችን፤ ልጁ ግን ጆንያውን እየጎተተ ከበሩ ወጥቶ ነበር።